በአራት ስፒል የተያዘ አፍ

እኔ፣ በዚህ መንገድ ላይ አርባ ስድስት ዓመት ልብስ የሰፋሁት ሽማግሌ፣ ዛሬ በመስከረም ወር ሦስተኛው ረቡዕ፣ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት፣ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ይህን ቃል አስጽፋለሁ። አእምሮዬ ጤነኛ ነው። የሚጠራጠር ካለ ወንድ ልጄ ያበላሻቸውን ሱሪዎች በየተራ ልቁጠርለት።

አንደኛ፤ መኖሪያ ቤቱ ለዚሁ ለወንድ ልጄ ይሁን። ባለፈው ወር የተኛሁ መስሎት ክፍሎቹን በሜትር ሲለካ ሰምቼዋለሁና ድካሙ ሜዳ ላይ አይቅር።

ሁለተኛ፤ ትልቁ መቀስ ለጎረቤቴ ለጫማ ሰፊው። ሃያ ዓመት ሙሉ "አውሰኝ" ሲለኝ "ነገ" ስለው ኖሬአለሁ። ነገ ደርሷል።

ሦስተኛው ንብረቴ መልካም ስሜ ነው፤ የሚወርሰው ግን አላገኘሁም። ሰፈሩ "ታጋሹ" ይለኛል። ደንበኛ ሲጮኽብኝ ዝም ስለምል ነው። እውነቱን ልናገር፦ ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ ቁጣዬ ሲመጣ ከሩቅ ታውቀው ነበር። ቶሎ ብላ አራት ስፒል በከንፈሬ ታስይዘኛለች። ስፒል የነከሰ ሰው አይሳደብም። ትዕግሥቴ ይኸው ነበር፤ ምስጋናውን ግን ሁልጊዜ ብቻዬን ተቀብያለሁ።

እሷ በሞተች በዓመቱ የአንድ ሙሽራ ኮት እጅጌ ሦስት ጣት አጥሮ ተገኘ። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል እንዲሉ፣ ስፒሎቹን ተፍቼ ሱቁ ውስጥ አብራኝ የምትሰፋውን ሴት ልጄን በሰው ፊት "እጅሽን ይቁረጠው" አልኋት። ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ወጣች። ጨርቁን የቆረጥሁት እኔ ነበርሁ። ይህንንም ደጃፉን ሳትሻገር አውቄአለሁ። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት "ልጅ ከዳችኝ" እያልሁ ሰው ሲያዝንልኝ ኖርሁ። አፍራለሁ።

ስለዚህ ሱቁና የስፌት መኪናው የእሷ ነው። አስጠርቻት መጥታለች፤ ኮቷን ሳታወልቅ በሩ ጋ ቆማለች።

"አባባ፣ ሱቁን አልጠየቅሁዎትም" አለችኝ። ጸሐፊ፣ ይህንንም ጻፈው። ድሮ "አንተ" ነበር የምትለኝ።

"ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ?"

"አንድ ጊዜ እንኳ ሳያቋርጡኝ እንዲሰሙኝ።"

ይኸው ደሜ ፈላ፤ በሰባ ስምንት ዓመቴም አልተሻለኝም። ስፒሎቹን ለማንም አላወርስም፤ ገና ያስፈልጉኛል። ቃሌ እዚህ ላይ አበቃ።

የጸሐፊው ማስታወሻ፦ ተናዛዡ ከትራሳቸው ሥር አራት ስፒል አውጥተው በከንፈራቸው ያዙ። ልጃቸው ወንበር ስባ ተቀመጠችና አንድ ሰዓት ያህል ተናገረች። ተናዛዡ ሁለት ጊዜ ከትራሳቸው ቀና ቢሉም አልተነፈሱም፤ አለቀሱ። ከዚያ ኑዛዜው ተነብቦላቸው ራሳቸውን በመነቅነቅ አጸኑት፤ ፈረሙም። ስፒሎቹን ከአፋቸው ያወጣችላቸው ልጃቸው ናት።

ይህን ያየንና የሰማን ምስክሮች፦
የማዕዘኑ ፋርማሲ ባለቤት (ፊርማ)
ጡረተኛዋ የሒሳብ መምህርት (ፊርማ)
ኮቱ ያጠረበት ሙሽራ (ፊርማ)