የመጨረሻው ዓምድ

አሰብ፣ ሰኔ 4 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፤ ናፍቆቴ ናፖሊ ድረስ ይድረስህ። እኔ ከአሰብ ሙቀት በቀር ደህና ነኝ።

የሕግ ትምህርቴ ለልማት ዋለልህ። ለውሃ ቧንቧው ዕቅድ የነዋሪዎችን መመዝገቢያ ቅጽ ያረቀቅኩት እኔ ነኝ። ለጋሾቹ ስለጠየቁ «ውጭ አገር ያለ ዘመድ» የሚል ዓምድ ጨመርኩ። «መዝገቡ ከውሃው ሥራ ውጭ አይታይም» የሚል አንቀጽም ጽፌ ነበር፤ ሲታተም ቀረ።

ባለፈው ሳምንት ካድሬው መዝገቡን በውሰት ወሰደ። ጎረቤቴ እትዬ ባዩሽ በዚያ ዓምድ የልጃቸውን ስም በኩራት አስጽፈው ነበር፤ ቤታቸው ከማክሰኞ ጀምሮ ተቆልፏል። ዘመድ ጥየቃ ሄደው ይሆናል።

የራሴን ቅጽ ዛሬ ሞላሁ። በመጨረሻው ዓምድ «የለኝም» አልኩ። አትቀየመኝ።

ይህን ደብዳቤ አንድ መርከበኛ በእጅህ ይሰጥሃል፤ መልሱን በፖስታ አትላክ። አምላክ በሰላም ያቆይህ። እህትህ ነኝ ብዬ ስሜን ያልፈረምኩት የእጅ ጽሕፈቴን ስለምታውቀው ነው።