የአሮጌው ትራክተር ፍሪሲዮን

ውድ ወንድሜ፣ ይህች ወረቀት በሙሉ ጤና ታግኝህ። እኛ ደህና ነን፤ መሬቱ ሳይታረስ ዝናቡ ቀደመን እንጂ።

አሮጌው ትራክተር ማርሹ እየተፋጨ አልገባ አለ። መካኒኩ ፍሪሲዮኑን ፈትቶ የውስጥ ሸራው አላለቀም፣ ደህና ነው አለን፤ በግራ እግር የሚረገጠውን ፔዳሉንም አስተካከለው። እኔ ስነዳው ማርሹ እሺ ብሎ ይገባል። አባዬ ሲነዳው ግን ይፋጫል፤ “ፍሪሲዮኑ ከበደ” ይላል። ትናንት ግራ እግሩን በሁለት እጁ አንስቶ ፔዳሉ ላይ ሲያስቀምጥ አየሁት። ሲያየኝ ሳቀ፤ የሳቀው ግን በአንድ በኩል ብቻ ነው። ሐኪም ጋ እንሂድ ስለው፣ “የታመመው ትራክተሩ ነው” ብሎ ተቆጣኝ።

ወንድምዬ፣ መለዋወጫ አትላክ፤ አንተው ና። ፍሪሲዮኑን ልሠራ መጣሁ ብትለው እሺ ይልሃል፤ ከዚያ ሐኪም ጋ ትወስደዋለህ። እኔን እንቢ ብሎኛል።

መንገዱን ያቅናልህ።
እህትህ