ሸራው እኛ ጋ፣ ብረቱ ማዶ

ይድረስ ድሬዳዋ ላለችው ለውድ እህቴ ለሩሃማ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኛ ከሽማግሌዎቻችን ጠብ በቀር፣ ተመስገን፣ ደህና ነን። አባዬም ከጎባ ሆስፒታል ወጥቷል፤ «ቤቱ ይሻለዋል» ብለውናል። አጥሚቱን ሁለት ማንኪያ ይቀምሳል።

እኔን ያናደደኝ እድሩ ነው። ያኔ፣ እኔ ሳልወለድ፣ ወረዳችን ወንዙ ላይ ለሁለት ሲከፈል እነዚህ ሽማግሌዎች «ከመንግሥት በምን እናንሳለን» ብለው እድሩንም ከፈሉት። የድንኳኑ ሸራ ለእኛ፣ ማቆሚያው ብረት ለማዶ! እስከ አምና ድረስ ይዋዋሱ ነበር። ዘንድሮ ግን «የድሮው ወረዳ ጽሕፈት ቤት መጀመሪያ የተሠራው በማን ሰፈር ነው» ተባብለው ተኳረፉ። ጢማቸው ሸብቶ እንደ ጥጃ ይዋጋሉ።

ትናንት የእድራችን ዳኛ ጋሽ ተክለማርያም አባዬን ሊጠይቁ መጥተው ሲወጡ በር ላይ ያዝኳቸው።

«ጋሼ፣ ታረቁና ብረቱን ያስመጡ እንጂ! ሸራውን እንደ ጋቢ ሊለብሱት ነው?»

«አንተ ምላሳም! ምን አስቸኮለህ? ክረምቱ ይውጣና እንነጋገራለን።»

ከውስጥ አባዬ ሲያስል ሁለታችንም ሰማን። ሳሉ እስኪያባራ ቆሙ። ከዚያ ከዘራቸውን ይዘው፣ በዚያ ሁሉ ጭቃ፣ ወደ ማዶ ሊሻገሩ ቁልቁል ወደ ወንዙ ወረዱ።

ለመስቀል እመጣለሁ ያልሽውን ተዪውና በዚህ ሳምንት ነይ። አባዬ ስምሽን እየጠራ ሰላም ብሎሻል። መንገዱን ያቅናልሽ።

ወንድምሽ ብሩህ