ሙያ፦ የለኝም

ሰኞ፣ የካቲት 4 ቀን 1977

ዛሬም ያው፣ ፋብሪካ፣ የሱፍ ክር ማጠንጠኛው ማሽን ሥር ቆሜ ዋልኩ። እግሬ አብጧል። አጠገቤ የምትሠራው ዲንቄ ሽሮዬን ቀምሳ "የሺ፣ ጨው ከኅብረት ሱቅ ጠፋ እንዴ?" አለችኝ። ሳቅን።

ከምሳ በኋላ የአስተዳደሩ ጓድ ለይኩን ቅጽ አደለን። አዲስ ማሽን ሊመጣ ነው፤ በትምህርትና በሙያ እንደገና እንመደባለን። ያልተመደበ ሰውስ? አልነገረንም።

ትምህርት... አራተኛ ክፍል፣ በማታ። ሙያ... ብዙ አሰብኩ። "የለኝም" ብዬ ጻፍኩ። ውሸት አልወድም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 5

ለዲንቄ ነገርኳት።

"አሥራ አራት ዓመት ምን ስትሠሪ ነበር ታዲያ?"

"ክር ሳጠነጥን። እሱማ የእጅ ልምድ ነው። ሙያ ማለት ወረቀት ያለው ነው።"

"አንቺ ሴትዮ ታሳዝኚኛለሽ።"

ዓርብ፣ የካቲት 8

ዝርዝሩ ተለጠፈ። "ሙያ የሌላቸው ትርፍ ሠራተኞች።" አምስተኛዋ እኔ። ስድስተኛዋ... ዲንቄ!

"አንቺም?"

"እኔማ ምን ሙያ አለኝ?" ብላ አንገቷን ደፋች።

ይቺ ሴት የሱፉን ከረጢት ገና ሲከፈት አሽትታ እርጥቡን ከደረቁ ትለያለች እኮ።

ወደ ቤት ስሄድ እንጨት ተሸክመው ከእንጦጦ የሚወርዱትን ሴቶች አየሁ። ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር... ጀርባዬ አልረሳውም። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ማን ይቀጥረኛል? ለካ ያኔ ፋብሪካው ሲቀጥረኝ እንደ ምጽዋት ነው የተቀበልኩት። እስከ ዛሬም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 9

ጠዋት ሦስት ማሽን ክር በጠሰ። መካኒኩ፣ ከበበ፣ ሁሉን ፈታትቶ ምክንያቱን አጣው። "እትዬ የሺ፣ እስቲ ይምጡ።" ክሩን በጣቴ ዳሰስኩት። ደርቋል። የበጋ ነፋስ ነው። ወለሉን ውሃ አስረጨሁ፣ ክሩን በእርጥብ ጆንያ አስሸፈንኩ። ከሰዓት አንድም አልተበጠሰ።

"የት ተማሩት?"

"የትም።"

"እኔ ሁለት ዓመት ተምሬ አላወቅኩትም" አለ።

እስከ ማታ ይህቺን ቃል ሳስብ ቆየሁ።

ሰኞ፣ የካቲት 11

ጓድ ለይኩን ቢሮ ገባሁ።

"ቅጼን ላስተካክል ብዬ ነው።"

"የለኝም ያሉት ራስዎ አይደሉም?"

"እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው።"

"ጊዜው አልፏል፣ እናቴ።"

አልወጣሁም። ጠረጴዛው ፊት ቆምኩ። በመጨረሻ አዲስ ቅጽ ገፋልኝ። "ቃል ግን አልገባም።"

ቃል አልጠየቅኩትም። ጻፍኩ... ክር አጠነጥናለሁ፣ ለምን እንደሚበጠስ በጣቴ አውቃለሁ፣ አሥራ ሁለት ሴት አስተምሬያለሁ... መስመሩ አልበቃኝም፣ ገልብጬ በጀርባው ቀጠልኩ።

ስጨርስ አንድ ሌላ ባዶ ቅጽ ለመንኩት።

"ለማን ነው?"

"ለዲንቄ። ሙያዋን እኔ እየነገርኳት ትጽፋለች።"