ከብት ስለማይጠጣው፣ እኔ ግን ስለጠጣሁት ምንጭ

ለተከበሩ የጥብቅ ደኑ አስተዳደር ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉበትዎ፣ አንጀትዎ፣ የዐይንዎ ነጭ ሳይቀር እንደምን አሉ? እኔ ከደኑ ምንጭ በጠጣሁት ውሃ ዐይኔ ቢጫ ሆኖ ከርሞ፣ አሁን ምስጋና ይድረስዎትና ወደ ቀድሞ መልኬ ተመልሻለሁ።

ይኸነው እባላለሁ፤ ከጥርባ እስከ ዘንገና ሐይቅ እንግዳ የማስጎበኝ ወሬኛ ነኝ። ምንጩ ዳር «ንጹሕ የተፈጥሮ ውሃ፤ ከብት ማስገባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ስላቆሙልን፣ እኔም የተጻፈ ሁሉ እውነት ስለሚመስለኝ፣ እንግዳ ባየሁ ቁጥር በእፍኜ እየጠለቅሁ ስጠጣና ሳሞግስ ከረምሁ። ይህ አልበቃኝ ብሎ፣ ነፍሰ ጡር ለነበረችው ምራቴ ለፍቅርአዲስ በጀሪካን ተሸክሜ ወሰድሁላት።

በወፍ በሽታ መጀመሪያ የወደቅሁት እኔ ነኝ። ላሞቻቸው ከምንጩ የተባረሩባቸው ጎረቤታችን እትዬ ካሳነሽ ሊጠይቁኝ መጥተው ዐይኔን ትክ ብለው አዩና፣ «አንተ ይኸነው፣ ላሞቼ ናቸው እንዲህ ያደረጉህ?» አሉኝ። ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ እኔም ጋቢዬን ተከናነብሁ።

ፍቅርአዲስ ስትታመም ግን የሳቀ አልነበረም። በአምቡላንስ ባሕር ዳር አደረስናት። ሐኪሙ ይህ በሽታ እርጉዝ ሴትን ሊገድል እንደሚችል ሲነግረኝ፣ ያን ጀሪካን የተሸከመ ትከሻዬን ረገምሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናትም ልጅም ተርፈዋል።

ውሃውን የመረመሩት ባለሙያዎች ከሰው አንጀት የሚወጣ ቫይረስ አገኙበት። «ከምንጩ በላይ ሽንት ቤት አለ?» ብለው ቢጠይቁኝ፣ «ጫካ አለ» አልኋቸው።

ስለዚህ አንደኛ፣ ሽንት ቤት ይሠራልን ብለን ላቀረብነው አቤቱታ መልስ ይሆን ዘንድ ሰሌዳውን አዲስ ቀለም ስላስቀቡልን እናመሰግናለን። ሁለተኛ፣ ለእንግዳው ምሳ መብያ ከምንጩ በላይ ያማረ ዳስ ሠርተው፣ የበላውን የት እንደሚያደርስ ግን ለተፈጥሮ ስለተዉለት አድናቆታችን ወሰን የለውም። ሦስተኛው ቅሬታዬ ረጅም ነው፤ ሐኪሜ መናደድ ስለከለከለኝ ትቼዋለሁ።

እስከዚያው እትዬ ካሳነሽ ከምንጩ በታች ራቅ ብሎ ካለው መሬታቸው ቦታ ሰጥተውን፣ ከመንደሩ ሰው ጋር ሽንት ቤት ቆፍረናል። እኔም ዛሬ እንግዳ ስቀበል ከሐይቁ አስቀድሜ የማስጎበኘው እሱን ነው፤ ሙያዬ እዚህ ደርሷል።

ዛፍ ወይም ዝንጀሮ ሆኜ ባለመፈጠሬ ከጥበቃዎ ውጭ የቀረሁት፣ ሆኖም በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሳው፣

ይኸነው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሽንት ቤቱ ያለ ፈቃድ ስለተቆፈረ ይፍረስ የሚለው ትእዛዝዎ ደርሶናል። ሊለጥፈው የላኩት ጥበቃ ግን አስቀድሞ ይቅርታ ጠይቆ ገባበት፤ ሲወጣም እጁን በሳሙና ታጥቦ፣ «እባካችሁ ለነገም ለተነገ ወዲያም አቆዩልኝ» ብሎን ወረቀቱን ይዞ ተመልሷል።