የአብዱልሰመድ ማሊያ

ሙስዐብ ወንድሜ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። ከሚሴ ነኝ፤ ዛሬ የሰፈሮች ዋንጫ ፍጻሜ ነበር። እዚህ ማን እንደሚያሸንፍ የሚጠየቁት አባ ሙሀዲን ናቸው፤ ግምታቸው አይስትም ይባላል።

ዛሬ ግን "የኛ ሰፈር ይሸነፋል" አሉ። ልጃቸው አብዱልሰመድ የሰፈሩ አጥቂ ነበር፤ ከግማሽ ፍጻሜው በኋላ በወባ ሞተ። ጓደኞቹ ለክብሩ ብለው ቦታውን ባዶ ሊተዉ ተማምለዋል።

"በአስር ሰው የሚገባ ቡድን ዋንጫ አይወስድም" አሉና ከፌስታል ውስጥ የታጠፈ ዘጠኝ ቁጥር ማሊያ አወጡ። ተጠባባቂውን ጀይሉን ጠሩት። "ኮቱ ልጄ፣ ና ልበሰው። እሱ ኳስ እንጂ ባዶ ቦታ አይወድም ነበር።" ጀይሉ ለበሰው።

"አሁንስ ማን ያሸንፋል?" አልኳቸው።

"አሁን ገና ጨዋታ ሆነ። አሸናፊውን አላህ ያውቃል።"

በመለያ ምት ተሸነፉ። አባ ሙሀዲን ግን እስከ መጨረሻው አልተቀመጡም፤ ዘጠኝ ቁጥሩ ኳስ በነካ ቁጥር "ጎሽ!" ይሉ ነበር።

እኛ ጅማ ላይ ከፍጻሜ በፊት በግምት ሳንጣላ አንውልም ነበር። አጥቂያችን ነጂብ ካረፈ ወዲህ ግን ቡድናችንን በትነን፣ ኳሱን ቆልፈን ተቀመጥን። እሱን ማክበር መስሎን ነው።

ፖስትካርዱ ሞላ። ለቶይባና ለልጆቹ ሰላም በልልኝ። የነጂብ እናት ቤት ግን ራስህ ሂድ፤ ጉልበታቸውን ሳምልኝና የልጃቸውን ማሊያ እንዲሰጡህ ለምናቸው።

ረጀብ