ስለ መኪናው ኪራይና ስለ መታጠፊያው

ለውድ ወንድሜ ለኑርዬ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ሰውነትህ እንዴት ነው? ሥራውስ፣ የጂዳ ሙቀትስ እንዴት ይዞሃል? ሙሽራህ ኢልሀምስ አፊያ ናት? እኛ ከናፍቆትህ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማዬም እኔ ዘንድ ሐይቅ ከከረመች ወዲህ ፊቷ ትንሽ ተመልሷል።

በስልክ ያልመለስኩልህ እሷ እየሰማች የሀሚዱን ነገር ማንሳት ስለማልችል ነው። ይህን ደብዳቤ ራህማ እዚያው ጂዳ ወደ ሥራዋ ስትመለስ ታደርስልሃለች። ለአረፋ ስትመጣ ትንሽ መኪና ልከራይ ወይስ ፎርዊል ብለሃል። ሹፌር አልፈልግም፣ አምባሰልን በልጅነቴ በእግሬ ጨርሼዋለሁ፣ አራቱም ጎማ የሚጎትት ከያዝኩ ማን ይችለኛል ስትል ወላሂ የሀሚዱ ድምፅ ነው የመሰለኝ። የድምፅ መልእክትህን ደግሜ አልከፈትኩትም።

ስለ ወንድማችን ስለ ሀሚዱ አሟሟት፣ መኪና ተገለበጠበት ብቻ ነው ያልንህ። ጦርነቱ ከእኛ አገር እንደወጣ፣ ከተሰደድንበት ደሴ ወደ ቤት ሊመልሰን ልክ አንተ እንዳልከው ዓይነት መኪና ተከራይቶ መጣ። ከውጫሌ በላይ ያለውን መታጠፊያ ታውቀዋለህ፤ ከድሮም ተሳፋሪ ሁሉ ይወርዳል፣ ዱአ አድርጎ በእግሩ ያልፋል፣ ሹፌሩ ባዶውን መኪና አሻግሮ ማዶ ይጠብቃል። እማዬ አውርደን ስትለው ሳቀባት። ይሄ እኮ ግድግዳም ይወጣል አላት። እሷም ግግም አለችና እኔን ይዛ ወረደች። ሊያበሽቀን ክላክስ እያስጮኸ አለፈን። ለካ በጦርነቱ ያለፈው ከባድ መኪና የመንገዱን ጠርዝ ከሥር ቦርቡሮታል፤ ከላይ ደህና የሚመስለው አፈር ከነመኪናው ይዞት ወረደ። ክላክሱ ከገደሉ ሥር ብዙ ቆይቶ ነው ዝም ያለው። አላህ ይርሀመው።

ከዚያ ወዲህ እማዬ ክላክስ በሰማች ቁጥር ሻሿን አስተካክላ ትነሳለች። ማዶ እየጠበቀን እኮ ነው፣ አቆየነው ትለኛለች። ገበያ በባጃጅ ስወስዳት እንኳ ሜዳ ላይ አስቁማ ትወርዳለች፤ ባለባጃጆቹ ለምደዋት ፈቀቅ ብለው ይጠብቋታል። እኔም ደህና አይደለሁም። ዝናብ ሲጥል ያ ድምፅ ይሰማኝና ሄጄ በር እከፍታለሁ።

አትከራይ አልልህም፤ መንገዱን ትንሿ መኪና አትወጣውም። የሚያስፈራኝ ያንተ ልበ ሙሉነት ነው። ጠርዙን በድንጋይ ካቡት ይላሉ፣ እኔ ሄጄ አላየሁም። የድሮው ሹፌር ዑበይዱላህ ዛሬም በዚያ መንገድ ይሠራል፣ ዛሬም ሰው ያወርዳል። በአላህ ይዤሃለሁ፣ እሱ ይንዳልህ።

ባለቤቴ ሙዘይን ሰላም ብሎሃል። ጎረቤቴ ጸዳለም ሙሽራዋን ለማየት ቸኩላለች። እማዬ ግንባርህን ስማሃለች። በመኪና መጥተህ ወደ ቤት እንደምትወስደን ስነግራት፣ መታጠፊያው ላይ ያወርደናል ወይ፣ ካወረደንስ ማዶ እናገኘዋለን ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ አለችኝ። አንተው ደውለህ ንገራት።

እህትህ ሙጂባ
ሐይቅ፣ ግንቦት 2015 ዓ.ም.